ይድረስ በአሜሪካ አርሚ ውስጥ ላላችሁ የሀበሻ ልጆች፦ የሳጅን ማዕረግ ዝም ብሎ አይመጣም

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ባላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። ፎርት ካምቤልም ሁኑ ፎርት ብሊስ፣ ኮሪያም ሁኑ ጀርመን፣ ይሄ ደብዳቤ ለናንተ ነው፣ እንዲሁም ሳጅንነቱን አልፋችሁ ከላይ ለተቀመጣችሁ የኛ ልጆች።

የምጽፍላችሁ እኔም ከፕራይቬትነት ጀምሬ አሁን ስታፍ ሳጅን ሆኜ የራሴን ልጆች የምመራ ሰው ስለሆንኩና በየሄድኩበት ዩኒት የማየው አንድ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። የሀበሻ ልጅ አለ፣ ጎበዝ ነው፣ ሰዓት አያሳልፍም፣ ሲታዘዝ አያጉረመርምም፣ ሞተር ፑል ውስጥ መኪና ስር ገብቶ ሲሰራ ውሎ ከሁሉም በኋላ ነው ሚወጣው፣ ግን ስፔሻሊስት (ከሳጅን በታች ያለው ማዕረግ) ሆኖ አራት አምስት አመት ይቀመጣል። አብሮት ቤዚክ (የመጀመሪያውን ስልጠና) የጨረሰው ልጅ፣ ስራ ላይ ግማሹን የማያክለው፣ ሳጅን ሆኖ ያዘዋል። ለምን ስትሉት «ስራዬን እያዩት ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ይሰጡኛል» ይላችኋል። አይሰጡትም። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ ሲስተሙ እንደዛ ስላልተሰራ ነው።

አሰራሩን ከስሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሪክሩተሩ አይነግራችሁም፣ ቤዚክ ላይም ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳችሁ የለም። እስከ ስፔሻሊስት ያለው በጊዜ ነው የሚመጣው፣ 6 ወር ሲሞላ ፒቪ ቱ፣ 12 ወር ላይ ፒኤፍሲ፣ 24 ወር ላይ ስፔሻሊስት፣ ኮማንደሩ ካልከለከለ ወይ ፍላግ ካልተደረጋችሁ (ማዕረግ እንዳታገኙ ካልታገዳችሁ) በቀር ራሱ ይመጣል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፣ ሶስቱን ማዕረግ ዝም ብለህ ጠብቀህ ስላገኘህ አራተኛውም እንደዛ የሚመጣ ይመስልሃል። ከስፔሻሊስት ወደ ሳጅን፣ ከሳጅን ወደ ስታፍ ሳጅን ያለው ግን ፍፁም ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ አለቆችህ ሊያቀርቡህ ይገባል፣ ከዛ ቦርድ (ተቀምጠው የሚጠይቁህ አለቆች ፊት) ትቀርባለህ፣ ቦርዱን ካለፍክ በኋላ ከ800 ያለህ ነጥብ ተቆጥሮ በኤምኦኤስህ (በሙያ ዘርፍህ) ካለው ከመላው አርሚ ልጅ ጋር ትወዳደራለህ። ፎርት ኖክስ ያለው ኤችአርሲ (የአርሚው የሰው ኃይል ቢሮ) በየወሩ የየኤምኦኤሱን ከት ኦፍ (መቁረጫ ነጥብ) ያወጣል፣ ነጥብህ እዛ ከደረሰ ትወጣለህ፣ ካልደረሰ ትጠብቃለህ። አንዳንዴ 798 ብሎ ይወጣል፣ በዛ ኤምኦኤስ ቦታው ሞልቷልና የዛን ወር ማንም አይወጣም እንደማለት ነው፣ እሱን አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ወር ከወር ይለዋወጣል። (ጋርድና ሪዘርቭ ያላችሁ አሰራሩ በክፍት ቦታ ላይ ስለሚመሰረት የራሳችሁን ዩኒት ጠይቁ፣ ዝግጅቱ ላይ የምለው ግን ለናንተም ይሰራል።)

እንግዲህ አስቡት፣ ፎርት ኖክስ ያለው ሰው አያውቅህም። ቅዳሜ ተጠርተህ መምጣትህን አያውቅም፣ ዝናብ ላይ ዘብ መቆምህን አያውቅም፣ የሚያየው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ የሚመጣው ፋይልህ ውስጥ ከገባ ወረቀት ነው። ያልገባ ወረቀት እንዳልተሰራ ስራ ይቆጠራል። በቃ።

ነጥቡ የሚመጣው ከአራት ቦታ ነው፦ ሚሊተሪ ትሬኒንግ የሚባለው (ተኩስና የአካል ብቃት ፈተናው ማለት ነው)፣ ሽልማትና ባጅ፣ የሚሊተሪ ትምህርት፣ እና የሲቪል ትምህርት። አሁን የኛን ልጆች እያየሁ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የመጨረሻው ነው። ከኛ ውስጥ ስንቱ ነው ከሀገር ቤት ዲግሪ ይዞ የመጣው! ባለፈው አንድ ልጅ፣ ስሙን አልጠራም፣ በአካውንቲንግ ተመርቆ ባንክ ሲሰራ የነበረ፣ አብረን ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብለን ኢፕሳ (የአርሚው የሰው ኃይል ሲስተም) ውስጥ ገብተን የፕሮሞሽን ፖይንት ወርክሺቱን ከፈትነው። ሲቪሊያን ኤጁኬሽን የሚለው መስመር ላይ ዜሮ። አራት አመት የተማረው ትምህርት ዜሮ። ዲግሪው የት አለ ስለው እናቴ ጋ ሳጥን ውስጥ አለ አለኝ። ይሄ ልጅ እኮ ወረቀቱን ቀድሞ ቢያስገመግም ኖሮ ገና ሲገባ በስፔሻሊስት ማዕረግ ይገባ ነበር፣ ሪክሩተሩ አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀም፣ ከፕራይቬት ጀመረ።

ስለዚህ ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ ያላችሁ፣ ግማሽ መንገድ ላይ አቋርጣችሁ የመጣችሁም ጭምር፣ ዛሬውኑ ጀምሩት። የውጭ ትምህርት በናሴስ (የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎች ማህበር) አባል ድርጅት ተገምግሞ ወደ አሜሪካ ክሬዲት መቀየር አለበት፣ ደብልዩ ኢ ኤስ አንዱ ነው፣ ሌሎችም አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ቤዛችሁ ላይ ያለው ኤጁኬሽን ሴንተር ሄዳችሁ የትኛውን እንደሚቀበሉና የትኛው አይነት ሪፖርት እንደሚያስፈልግ ጠይቁ፣ ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረውና ጠቅላላውን ብቻ የሚናገረው ይለያያል፣ ነጥብ በማያመጣ ወረቀት ገንዘባችሁን እንዳታባክኑ። ሀገር ቤት በኩል ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁት ጣጣ አለ፣ ኮስት ሼሪንጉ ካልተከፈለ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ አይወጣም፣ ዩኒቨርስቲው ራሱ አሽጎ እንዲልክ ደግሞ ሬጅስትራር የሚመላለስ ሰው ያስፈልጋል፣ ውክልና መስጠት ሊኖርባችሁ ይችላል፣ ወራት ይወስዳል፣ ለዛ ነው ቦርድ ሲደርስ ሳይሆን አሁን ጀምሩት የምለው።

ሌላው ስም ነው። ዲግሪው ላይ እስከ አያት ተጽፏል፣ ግሪን ካርዱ ላይ አባት ብቻ ነው፣ ወይ ደግሞ ዲግሪው ላይ በዋይ የተጻፈው ፓስፖርት ላይ በአይ ተጽፏል፣ የባሰው የአባት ስም ሚድል ኔም ላይ ገብቶ አያት ላስት ኔም ሆኗል። እዚህ ያለው ክለርክ ሁለት የተለያየ ሰው ነው የሚያየው። ስታመለክቱ ስሙ ለምን እንደተለያየ የሚያስረዳ ወረቀት አብራችሁ አያይዙ፣ ስማችሁን ሲቲዝንሺፕ ስትይዙ የቀየራችሁም ካላችሁ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ወይም ሰርተፊኬቱን አያይዙ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን በዚህ ምክንያት ወረቀቱ ተመልሶበት ተስፋ ቆርጦ የተወው ልጅ ብዙ ነው።

ዲግሪ የሌላችሁም አልቀረባችሁም። ቱዊሽን አሲስታንስ አለ፣ በአንድ ክሬዲት እስከ 250 ዶላር ይከፍላል፣ ጂአይ ቢላችሁን (ሌላውን የወታደር የትምህርት ገንዘብ) ሳትነኩ። ክሌፕ የሚባለው ፈተና አለ፣ ተፈትናችሁ ካለፋችሁ ክፍል ሳትገቡ ክሬዲት ይሰጣችኋል፣ ለወታደር የመጀመሪያው ሙከራ በነፃ ነው። ሀገር ቤት ማትስ የተማረ ልጅ ኮሌጅ አልጀብራውን ትንሽ ከልሶ ያልፈዋል፣ የምሬን ነው። ጄኤስቲ የሚባለውን ትራንስክሪፕታችሁንም አውጥታችሁ እዩት፣ ቤዚክና ኤአይቲ (የሙያ ስልጠናው) የተማራችሁት ራሱ ኮሌጅ ሊቀበለው በሚችል ክሬዲት ተጽፎላችኋል።

ተኩስ ላይ ልምጣ። ብዙ ልጅ ማለፍ ብቻ ነው የሚያስበው፣ 23 መታሁ አለፍኩ ብሎ ከሬንጅ ይመለሳል። ከ40 ጥይት 23 እስከ 29 ማርክስማን ነው፣ 30 እስከ 35 ሻርፕሹተር፣ 36 እና ከዛ በላይ ኤክስፐርት፣ የነጥብ ልዩነታቸው ደግሞ ሰፊ ነው። ፈተናው አራት አቋቋም ነው ያለው፣ ያለ ድጋፍ ተኝቶ፣ በድጋፍ ተኝቶ፣ ተንበርክኮ፣ ቆሞ፣ በየመሃሉ መጋዚን ራስህ ነህ የምትቀይረው፣ ማንም አይነግርህም። እኔ ሳይ የኛ ልጆች የሚስቱት ማነጣጠሩ ላይ አይደለም፣ ከተኛበት ወደ መንበርከክ ሲቀየር ነው፣ ሲጣደፍ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ መጋዚኑ አይገባም፣ ያ ሁሉ ሲሆን ሁለት ሶስት ኢላማ ተነስቶ ይወርዳል። ይሄን ደግሞ ያለ ጥይት መለማመድ ይቻላል፣ አርምስ ሩም መሳሪያ ሲወጣ ለጽዳት ብቻ አትያዙት፣ ከስኳድ ሊደራችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ባዶውን መነሳት መንበርከክ መጋዚን መቀየር ደጋግማችሁ ስሩት፣ እጃችሁ ሳታስቡት ማድረግ እስኪጀምር ድረስ። ከዛ ሬንጁ ላይ ለማነጣጠር ብቻ ነው የምትጨነቁት።

የአካል ብቃቱ ፈተና እንደ ፈረንጅ ከሰኔ 2025 ጀምሮ ኤኤፍቲ ሆኗል፣ አምስት ነገር ነው፣ ዴድሊፍት፣ እጅ እያነሱ ፑሽ አፕ፣ ስፕሪንት ድራግ ካሪ፣ ፕላንክ፣ ሁለት ማይል ሩጫ፣ እያንዳንዱ 100 ድምሩ 500። ለማለፍ በእያንዳንዱ 60 ይበቃል፣ ኮምባት ኤምኦኤስ ላይ ያላችሁ ድምሩ 350 መድረስ አለበት። ግን አሁንም ማለፍና ነጥብ ማግኘት ለየቅል ናቸው። የኛ ልጆች ብዙዎቻችን ሩጫው አያስቸግረንም፣ ዴድሊፍት ላይ ነው ነጥብ የምንጥለው፣ ምክንያቱም ቀላል ሆኖ የሚታየንን ነው ደጋግመን የምንሰራው። ሁለት ማይሉን የሚሮጥ ሰው ሶስት ወር በርታ ብሎ ብረት ላይ ቢቆይ፣ ጀርባውን እንዳይጎዳ አያያዙን የሚያሳየው ሰው ይዞ፣ ልዩነቱን ያየዋል። እህቶቼ ደግሞ እርግዝና የቦርድ ማቆሚያ እንዳይመስላችሁ፣ ከወለዳችሁ በኋላ 365 ቀን ከሪከርድ ፈተና ነፃ ናችሁ፣ በዛ ምክንያት ትምህርት ቤት መሄድም ሆነ ለማዕረግ መታየት ሊቀርባችሁ አይገባም፣ «አንቺ ቆይ» ያለሽ ካለ መመሪያውን አሳዪኝ በይው።

ሽልማትና ባጅ ላይ አጭር ልበል። ሌፍተናንት ኮሎኔል ወይም ከዛ በላይ የፈረመው ሰርተፊኬት ኦፍ አቺቭመንት ነጥብ አለው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ፋይል ውስጥ ካልገባ ግን የለም። ኢአይቢና ኢኤስቢ (ለእግረኛውና ለሌላው ወታደር የሚሰጡት የኤክስፐርት ባጆች)፣ ኤር አሰልት፣ ኤርቦርን፣ ቦታ ተገኘ ሲባል እጅ አንሱ። ፎርሜሽን ላይ «ማን ይሄዳል» ሲባል አንገታችንን የምንደፋው ነገር ይብቃን። ኦንላይን ኮርሱም በሰዓት ተቆጥሮ ነጥብ ያመጣል፣ ሲኪው (የባራክ ተረኝነት) ላይ ስትሆኑ ስልክ ላይ የሚያልፈውን ሌሊት ለሱ አድርጉት።

አሁን ወደ ቦርዱ። እዚህ ላይ ነው በደንብ መናገር የምፈልገው ምክንያቱም ጎበዝ ልጆች የሚወድቁት እውቀት አጥተው አይደለም። ቦርዱ ነጥብ አይሰጥም፣ ይለፍ ወይም አይለፍ ነው የሚለው። ኮማንድ ሳጅን ሜጀሩ መሃል ይቀመጣል፣ ፈርስት ሳጅኖቹ ከጎንና ከጎን። አንኳኩተህ ትገባለህ፣ በቀጥታ ሄደህ ፊት ለፊቱ ቆመህ ሰላምታ ሰጥተህ ሪፖርት ታደርጋለህ፣ ዩኒፎርምህን ያዩታል፣ ታሪክህን ትናገራለህ፣ ክሪዱን (በቃል የሚባለውን የወታደር ቃል) ትላለህ፣ ከዛ ጥያቄ። ስለ ካውንስሊንግ (አለቃ ለወታደሩ የሚሰጠው ምክርና ግምገማ)፣ ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ ድሪል፣ ስለ ሊደርሺፕ፣ ስለ ፈተናው፣ ሲፈልጉ ስለ ሰሞኑ ዜና።

እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲያናግርህ አይንህን ሰበር ታደርጋለህ፣ ድምፅህን ዝቅ ታደርጋለህ፣ ጨዋነት ነው፣ እናቶቻችን እንደዛ ነው ያሳደጉን። ሳጅን ሜጀሩ ግን ይሄን አያውቅም። ጠረጴዛ ላይ አይኑን ጥሎ በለሆሳስ የሚመልስ ልጅ ሲያይ የሚያስበው አስር ወታደር ፊት ቆሞ ማዘዝ እንደማይችል ነው። መልሱ ትክክል ሆኖ እንኳን ሰውየው አይሰማውም። ስንሰራ አይቻለሁ፣ አንድን ልጅ ባዶ ክላስሩም ውስጥ ለልምምድ አስቀምጠን ስለ ካውንስሊንግ አይነቶች ስንጠይቀው ሁሉንም አንድ በአንድ ያውቃል፣ ግን እጁ ጉልበቱ ላይ ሆኖ ጣቱ ሱሪውን ይፈትላል፣ ድምፁ መጨረሻ ላይ እየጠፋ ይሄዳል። ክፍሉ ጥግ ድረስ ሄጄ ቆሜ እዚህ እንዲሰማኝ አድርገህ ንገረኝ አልኩት። መጀመሪያ የጮኸብኝ መስሎት አፈረ። ደጋግመን አደረግነው፣ በሶስተኛው ሳምንት ሌላ ሰው ሆኖ ነው የቀረበው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚሉት አባቶቻችን እኮ ናቸው፣ ይሄን ነገር ፈረንጅ አላመጣብንም።

አክሰንት አለብኝ ብላችሁ የምትጨነቁ፣ አክሰንት ማንንም አይጥልም። የሚጥለው መጣደፍ ነው። ቀስ በሉ፣ አረፍተ ነገሩን ጨርሱ፣ «ሳጅን ሜጀር» ብላችሁ ጀምሩና መልሱን ሙሉ አድርጋችሁ ተናገሩ። የማታውቁት ሲመጣ አትፍጠሩ፣ አሁን መልሱን አላውቀውም ብላችሁ በዛው ድምፅ፣ በዛው አይን ተናገሩ፣ እሱም ይመዘናል፣ ሲዋሽ የተያዘ ልጅ ግን አይለፍ ነው። ክሪዱን ደግሞ በቃል መሸምደድ ብቻ አይበቃም፣ ሰው እያያችሁ፣ ሰው እየረበሻችሁ በሉት፣ መኪና እየነዳችሁ በሉት። ዩኒፎርሙን ከሳምንት በፊት አዘጋጁ፣ ሪባን በቅደም ተከተል፣ በማስመሪያ ለክታችሁ፣ ከዛ ሌላ ሰው እንዲለካው አድርጉ።

ቦርድ ለመቅረብ ግን የሚያቀርብህ አለቃ ያስፈልጋል አልኩ አይደል። እዚህ ላይ የምትፈሩትን ላፍርስላችሁ። ስኳድ ሊደርህ ጋ ሄደህ «ሳጅን፣ ቦርድ መቅረብ እፈልጋለሁ፣ ምን ይጎድለኛል» ማለት ስልጣን መሻማት አይደለም፣ እንደ ትዕቢትም አይታይብህም፣ ሳትጠይቅ ስትቀር ነው የማትፈልግ የሚመስለው። የሚልህን በካውንስሊንግ ፎርም ላይ እንዲጽፈው ጠይቀው፣ ምን እስከ መቼ መሙላት እንዳለብህ፣ ቀኑ ይኑረው። ብቁ ሆነህ፣ ጊዜህ ሞልቶ ካላቀረቡህ ደግሞ ለምን እንደሆነና ምን ማስተካከል እንዳለብህ ካውንስል ሊያደርጉህ ይገባል፣ የፕሮሞሽን ሪጉሌሽኑ ኤአር 600-8-19 ነው፣ ራሳችሁ አውርዳችሁ አንብቡት፣ ከወሬ ይሻላል። መልስ ካጣህ ፕላቱን ሳጅንህ አለ፣ ከዛ ፈርስት ሳጅን አለ፣ በየደረጃው በአክብሮት ሂድ።

ፍላግ የተደረገ ሰው ነጥቡ 800 ቢሞላ አይወጣም። ፈተና መውደቅ፣ የሰውነት ልኬት፣ ጠጥቶ መንዳት፣ እቤት ውስጥ የሚነሳ ጠብ ፖሊስ የሚመጣበት። እሱን ተጠንቀቁ፣ ዝርዝሩን ታውቁታላችሁ።

ቦርድ ካለፋችሁ ስማችሁ ጎን ፒ (ለማዕረግ ተራ የያዘ የሚል ምልክት) ትገባለች፣ ግን ቢኤልሲ (የመሪነት መሰረታዊ ኮርስ) አለ። እንደ ፈረንጅ ከ2016 ጀምሮ በመጣው ስቴፕ በሚሉት አሰራር ትምህርቱ ከማዕረጉ ይቀድማል፣ ቢኤልሲ ለሳጅን፣ ኤኤልሲ ለስታፍ ሳጅን፣ ኤስኤልሲ ለሳጅን ፈርስት ክላስ። ቢኤልሲ 22 ቀን ነው፣ የሚከብደው ሩጫው አይደለም፣ መጻፉ ነው። እንግሊዝኛ ኤሴይ ትጽፋላችሁ፣ ሰው ፊት ቆማችሁ ፕሬዘንት ታደርጋላችሁ፣ ፒቲ ትመራላችሁ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በሳምንት አንድ ገጽ ጽፋችሁ ለምታምኑት ሰው አሳዩ፣ ኤጁኬሽን ሴንተርም የሚረዳችሁ ሰው አይጠፋም። ኮማንዳንትስ ሊስት (የብልጫ ተማሪዎች ዝርዝር) ከገባችሁ ደግሞ ለስታፍ ሳጅን የሚሆን ነጥብ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ሲቲዝንሺፓችሁን ያልጨረሳችሁ ኤን 426 የሚባለውን (የአገልግሎት ማረጋገጫ ፎርም) አስፈርማችሁ ከማመልከቻው ጋር አስገቡ፣ ለወታደር ክፍያ የለውም፣ ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ ያለሱ አታገኙም፣ ኋላ ዋራንት ኦፊሰር ወይ ኦሲኤስ (የመኮንን ትምህርት ቤት) ብትፈልጉ በሩ የሚከፈተው በሱ ነው። ከሳጅን ፈርስት ክላስ ጀምሮ ደግሞ ቦርዱ እናንተን አያያችሁም፣ ፎቶ እንኳን ከ2020 ወዲህ ቀርቷል፣ ፋይላችሁ ብቻ ነው የሚቀርበው፣ ስለዚህ ዛሬ አይፐርምስ (ፋይላችሁ የሚቀመጥበት ሲስተም) ውስጥ የምታስገቡት ወረቀት ያኔ ስለናንተ የሚናገር ብቸኛ ነገር ነው።

ወረቀት ለኤስ ዋን (ለዩኒቱ የሰው ኃይል ቢሮ) ሰጥቻለሁ ማለት ገብቷል ማለት አይደለም። የሰጣችሁበትን ቀን ያዙ፣ ኮፒ ያዙ፣ ሳምንት ቆይታችሁ ኢፕሳን ከፍታችሁ እዩ፣ ካልገባ ተመለሱ። ክለርኩ ያለበትን ክምር አይቻለሁ፣ ክፋት አይደለም፣ የናንተ ወረቀት ከስር ነው ያለው።

አሁን የመጨረሻው ለናንተ ነው፣ ሳጅን፣ ስታፍ ሳጅን፣ ሳጅን ፈርስት ክላስ የሆናችሁ የኛ ልጆች። ቤዛችሁ ላይ ያሉትን የሀበሻ ልጆች በበዓል ሰብስባችሁ ዶሮ ትበላላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ እኔም እበላለሁ። ግን በወር አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሰጥታችሁ ቦርድ አስለማምዷቸው። ሶስት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ነው የሚያስፈልገው። አንዳችሁ ሳጅን ሜጀር ሁኑ፣ ጨክናችሁ ጠይቋቸው፣ በእንግሊዝኛ፣ ከዛ ሲያልቅ በአማርኛ ቁጭ ብላችሁ የት እንደሳቱ ንገሯቸው፣ በትግርኛም በኦሮምኛም ይሁን፣ ልጁ በሚገባው። ወርክሺታቸውን አስከፍታችሁ አብራችሁ እዩት፣ ዜሮ የሆነውን መስመር አሳዩአቸው። በሌላ ኤምኦኤስ ያለ ነው፣ የኔ ወታደር አይደለም አትበሉ። እኔ ያለሁበት ጀምረናል፣ በሚመጣው ወር ሁለት ልጆች ቦርድ ይቀርባሉ፣ አንዷ ዩኒፎርሟን ልታስለካ ነገ ማታ ትመጣለች።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ስታፍ ሳጅን ወንድማችሁ